አውራ ጣት ያረፈበት ዳቦ

በስምንት ዓመቴ እውነት በመናገሬ ተሸልሜያለሁ። ሽልማቱ አሥራ ሁለት ባለቀለም እርሳስ የያዘ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ሣጥኑ እስከ ዛሬ አለኝ። በእርሳሶቹ አንድም ቀን ስዬ አላውቅም፤ በመጀመሪያ ስለሳሳሁላቸው ነው፣ በኋላ ግን በሌላ ምክንያት። እንግዳ ቤቴ መጥቶ ሣጥኑን መደርደሪያው ላይ ሲያይ፣ "የልጅነት ዕቃ ስትወጂ!" ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። ምን ልበለው?

አባቴ ዳቦ ቤት ነበረው። ከፊት መሸጫው፣ ከጀርባው መጋገሪያው፣ ከመጋገሪያው ጎን ደግሞ እኛ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ከምድጃው ጋር ይዋሰን ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው። ብርድ የሚባለውን ነገር ያወቅሁት ትምህርት ቤት ስገባ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በመሸጫው ውስጥ፣ ከአባቴ ራስ በላይ፣ የተራበን ስለማብላት የሚናገር ጥቅስ በወርቅ ቀለም ክፈፍ ተሰቅሎ ነበር። ማንበብ የተለማመድኩት በእሱ ነው። ደንበኛ ሲገባ ጠብቄ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ ደንበኛው "ወይ ጉብዝና!" ይለኛል፣ አባቴም ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው እሱ፣ ሐዘን ቤት ዳቦ በቅርጫት የሚልከው እሱ፣ ጸሎት ሲመራ ሴቶቹን የሚያስለቅሰው እሱ። እኔ እግዚአብሔርን በዓይነ ኅሊናዬ ስስለው እንደ አባቴ ሰማያዊ ሽርጥ የታጠቀ፣ እጁ ዳቦ ዳቦ የሚሸት ሰው አድርጌ ነበር። ይህንን ዛሬ ስናገር ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ከእሱ የበለጠ እግዚአብሔርን የሚመስል ሰው አላውቅም ነበር።

ዳቦውን የሚጋግረው ግን ሌላ ሰው ነው። "ጋሽ ዱቄት" እለዋለሁ፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የጆሮው ውስጥ ሳይቀር ነጭ ነበር። አንድ እሁድ ታጥቦ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሳላውቀው ቀርቼ፣ "ይሄ ሰውዬ ደግሞ ለምን ይስቅብኛል?" ብዬ እናቴን ጠይቄያታለሁ። ሁልጊዜ የሚቀመጠው የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር። ጸሎት ሲመራ ሰምቼው አላውቅም፤ ሲናገርም ብዙ አይሰማም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የከሰዓቱ እሳት ላይ እደርሳለሁ፤ እሳት የምንለው አንድ ዙር ዳቦ ነው። ደብተሬን እጥልና የዱቄት ጆንያ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ጋሽ ዱቄት ሊጡን ከማቡኪያው ያወጣል፣ ይቆርጣል፣ ያድበለብላል፣ ጣውላው ላይ ይደረድራል። ከዚያ በምላጭ ጀርባቸውን ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያደርግና በረጅሙ የእንጨት አካፋ ወደ ምድጃው ያስገባቸዋል። የመጨረሻዋ ስትቀር ግን ምላጩን ያስቀምጣል። አውራ ጣቱን ዱቄት ውስጥ ይነክርና መሃሏን ጫን ያደርጋታል። በየእሳቱ አንዲት ብቻ።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው እሷን ብቻ የምትወጋት?" አልኩት አንድ ቀን።

"አልወጋኋትም። እምብርት አወጣሁላት።"

"ሌሎቹስ? እምብርት የላቸውም?"

"ሌሎቹ የአባትሽ ናቸዋ!" አለኝና ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ። እውነቱን እንዲህ አፍረጥርጦ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ቀልድ ሰማሁት።

እምብርት ያላት ዳቦ ስትወጣ ከሌሎቹ ጋር አትደባለቅም። በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀልላትና በጀርባ በኩል ባለችው መስኮት ደፍ ላይ ያስቀምጣታል። መስኮቷ ትንሽ፣ የእንጨት መዝጊያ ያላት፣ ወደ ኋላው ቀጭን መንገድ የምትከፈት ናት። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ትመጣለች። ሻሿን እስከ አፏ ድረስ ስለምትከናነብ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ጋሽ ዱቄት ጥቅሉን ይሰጣታል፣ የትናንቱን ጨርቅ ይቀበላታል። ከመስኮቱ ሥር፣ እኔ ከማላየው ቦታ፣ የሕፃን ሳል ይሰማል።

"ሳሉስ?" ይላታል።

"ያው ነው፤" ትላለች።

በቃ። ከዚህ ያለፈ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጥቅሉን ይዛ ልትሄድ ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ጆንያ ላይ ሆኜ ሙቅ ዳቦ እገምጣለሁ። ረጅም ጊዜ ያየችኝ መሰለኝ።

"አድገሻል፤" አለችኝ።

ሰው ሁሉ ለልጅ የሚለው ነገር ስለሆነ ቁም ነገር አላደረግሁትም። አፌን ሞልቼ ማላመጤን ቀጠልኩ።

አንድ አክስት አለችኝ፤ የአባቴ ታናሽ እህት። ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሩቅ አገር ሄዳለች ተብዬ ነበር። ሩቅ አገር ማለት ለእኔ ሰው ሁሉ የቆዳ ጓንት የሚያጠልቅበት ቦታ ነው፤ እሷንም በሐሳቤ ጓንት አጥልቄላት ባቡር ላይ አስቀምጫት ነበር። በመኝታ ቤታችን የተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ላይ ከአባቴ ጎን አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ተቆርጦ ወጥቷል። "ምን ሆኖ ነው?" ብዬ ስጠይቅ እናቴ፣ "አይጥ በልቶት፤" አለችኝ። አይጥ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ አድርጎ ይበላል ብዬ እኔ ማመኔ!

በዚያ ሰሞን እናትና አባቴ ከሞቃቱ ግድግዳ ወዲያ ሲነጋገሩ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሰማሁ።

"ተመልሳለች አሉ እኮ፤" አለች እናቴ።

"ማን ነው ያለው?"

"ሰው ነዋ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ክፍል ተከራይታለች አሉ። ጤናም የላት።"

"ስሟ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ብያለሁ።"

"እሺ፣ እሷስ ታጥፋ። ልጅቷ ምን አጠፋች?"

እኔ ደግሞ ልጅቷ የተባለችው እኔ መስሎኝ፣ ባለፈው ሳምንት የሰበርኩትን ብርጭቆ አስታውሼ ላብ በላብ ሆንኩ። እናቴ ስለ ብርጭቆው ስለተሟገተችልኝ በማግስቱ ሳልታዘዝ ዕቃ አጠብኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከሰዓት በኋላ ወደ መጋገሪያው ብቅ ማለት አበዛ። በሩ ላይ ይቆምና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ ትንሿ መስኮት ይመለከታል። እሱ በቆመበት ሰዓት ሴትዮዋ መጥታ አታውቅም።

የሰንበት አስተማሪያችን ቀጭን፣ ጣቷ ጠመኔ የማይለየው ልጃገረድ ነበረች። አንድ እሁድ ስለ እውነት አስተማረችን። የሌላውን ኃጢአት እያየ ዝም ያለ ሰው ራሱ እንዳደረገው ይቆጠርበታል አለች። በክፍሉ ውስጥ ስምንት ልጆች ነበርን፤ እኔን ብቻ ያየችኝ መሰለኝ። በጨርቅ የተጠቀለለችው ዳቦ፣ አፏን የሸፈነችው ሴት፣ የተደበቀው መስኮት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እምብርት ማለት የሌባ ምልክት ነው፤ የሚሰርቃትን እንዳይረሳት ምልክት ያደርግባታል። እንዲህ ነበር የገባኝ። እኔም አይቼ ዝም ስላልኩ ሌባ ሆኛለሁ።

ያን ቀን ምሳዬን ሳልነካ ተቀመጥኩ። አባቴ ሥጋ እየቆረጠ፣ "ምነው? አመመሽ?" ሲለኝ ልቅሶዬ አመለጠኝ፤ እያለቀስኩም ሁሉንም ነገርኩት።

ቢላዋውን አስቀመጠ። "የአውራ ጣት ምልክት ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ አባባ። መሃሏ ላይ።"

"ሴትየዋንስ አይተሻታል?"

"አዎ። 'አድገሻል' አለችኝ።"

የእናቴ ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ። ውኃው እስከ እኔ ድረስ ሲመጣ ማንም አልጠረገውም። አባቴ እናቴን አየ፣ እናቴ ውኃውን አየች።

"ጎበዝ ልጅ ነሽ፤" አለኝ አባቴ በመጨረሻ። "ነገ በሰው ፊት እጠይቅሻለሁ። ስለ ዳቦው ትናገሪያለሽ። ሴትዮዋን ግን ተያት። የማያውቁትን ሰው ማንሳት ሐሜት ነው።"

አባቴ ለማያውቃት ሴት እንኳ እንዲህ መጠንቀቁ ደስ አለኝ። ምሳዬንም ጨርሼ በላሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰባኪውና የሰንበት አስተማሪዬ መጋገሪያው ውስጥ ቆመው ነበር። ሰባኪው ጥቁር ኮቱ ዱቄት እንዳይነካበት ክንዱን ሰብስቦ ይዟል። ጋሽ ዱቄት ዳቦውን አስገብቶ መጨረሱ ነው፤ አካፋውን እንደያዘ ምድጃው አጠገብ ነው ያለው። አባቴ ብብቴን ይዞ ጆንያው ላይ አቆመኝና፣ "ንገሪያቸው፤" አለኝ።

ነገርኳቸው። ድምፄ ጥቅሱን ለደንበኛ የማነብበት ድምፅ ነበር። ምልክቱን፣ ጨርቁን፣ መስኮቱን ተናገርኩ። ሴትዮዋን ተውኳት።

"እውነት ነው?" አለው ሰባኪው ጋሽ ዱቄትን።

"ዳቦ ሰጥቻለሁ። እውነት ነው።"

"ለማን ነው..."

"እሱ ይቅር!" አለ አባቴ፤ ቃሉን ከአፉ ነጠቀው። "የተቀበለውን ሰው አናዋርድም። ይብቃ።"

ሰባኪው ራሱን ነቀነቀ፤ በአባቴ ጨዋነት ልቡ የተነካ ይመስላል። ጋሽ ዱቄት ግን አባቴን ብቻ ነበር የሚያየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳና አውራ ጣቱን ለአባቴ አሳየው። ነጭ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው።

"እርስዎ ያውቃሉ፤" አለው።

"የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው፤" አለ አባቴ።

እኔ ጣቱን ያነሳው ሊያስፈራራኝ መስሎኝ ወደ አባቴ ተጠጋሁ። መልሱም አኮራኝ። ዓይን አውጣ ሌባ እንዲህ ነው አፉን የሚያስይዙት፣ አልኩ በልቤ።

ሰባኪው ለፖሊስ ስለመንገር አንድ ነገር አንሾካሾከ። "አይደረግም፤" አለ አባቴ። "ምሕረት አድርጌለታለሁ። በሰላም ይሂድ።" አስተማሪዬ በመሐረቧ ዓይኗን ጠረገች።

ጋሽ ዱቄት ሽርጡን ፈታ፣ አራግፎ በአራት አጠፈና ማቡኪያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። በእኔ በኩል ሲያልፍ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ።

"አይዞሽ። ያየሽውን ነው የተናገርሽው፤" አለኝ። በሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ዘወር ብሎ፣ "አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ እንዳይቃጠል፤" አለ። ስለ ዳቦው ነበር።

እሱ ሲወጣ አባቴ ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ጠቀለለና አካፋውን አነሳ። አፌን ከፍቼ አየሁት። አባቴ ከመሸጫው ጠረጴዛ ወዲህ ሲሠራ አይቼው አላውቅማ! አካፋውን ሳያይ ይሰዳል፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ይመልሳል፣ የዳቦውን ሆድ በጣቱ ቆርቆር አድርጎ መብሰሉን ያዳምጣል። ከጋሽ ዱቄት አያንስም ነበር። መጨረሻ ላይ ባለ እምብርቷ ወጣች። ለብቻዋ አካፋው ላይ ይዟት ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ የምድጃውን አፍ በእግሩ ከፈት አድርጎ ወደ ፍሙ መልሶ ወረወራት። ቤቱ በተቃጠለ ዳቦ ሽታ ተሞላ። ኃጢአት ሲቃጠል እንዲህ ይሸታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ራሴ ላይ የቀረውን የዱቄት የእጅ ምልክት ስታራግፍልኝ ታለቅስ ነበር። "ለምን ታለቅሻለሽ? ተገኘ እኮ ሌባው፤" አልኳት። ፀጉሬን አጥብቃ ጎንጉና እስኪያመኝ ድረስ ሳበችው።

ማክሰኞ ከሰዓት ሴትዮዋ መጣች። መጋገሪያው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ምድጃው ቀዝቅዟል። መስኮቱን ሁለት ጊዜ ቆረቆረች። ጆንያው ላይ ወጥቼ ከፈትኩላት። ሳሉ ያን ቀን ከሥር አልነበረም የሚመጣው፤ ሕፃኗን አዝላታለች። የሕፃኗ ጉንጭ ቀይ፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ፀጉሯ እንደ እኔ ፀጉር ግንባሯ ላይ የተጠቀለለ ነበር።

"ዛሬ የለም እንዴ?" አለችኝ።

"ተባሯል። ሌባ ስለሆነ።"

ሻሿ ከአፏ ወርዶ ነበርና አፏን አየሁት። አገጯ ላይ ልክ እንደ አባቴ ጎድጓዳ ነገር አለ። አየሁት፣ ግን ምንም አላልኩም፤ የብዙ ሰው አገጭ እንደዚያ ይሆናል።

"ማን ነው ያባረረው?"

"አባባ ነው። አንቺም ሌባ ነሽ፣ አውቄሻለሁ።"

"እሺ፣ የኔ እናት፤" አለችኝ። አልተቆጣችም። "አባትሽ ደህና ናቸው?"

ሌባ ስለ አባቴ ጤና ምን አገባት? መዝጊያውን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። መቀርቀሪያውን ለመጣል ሁለት እጄን መጠቀም ነበረብኝ፤ ዝጎ ያስቸግር ነበር። ከወዲያ ማዶ ሳሉ እየራቀ ሲሄድ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ያን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። የራሴ ልጅ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ባለቤቴ ልብ የለሽ አድርጎ ይቆጥረኛል፤ ይቁጠረኝ።

ለአባቴ ስነግረው እራቱን አልበላም። በሳምንቱ ግንበኛ አምጥቶ መስኮቱን በጡብ አስደፈነው።

እሁድ ሰባኪው ስለ ምሕረት ሰበከ። ስም ባይጠራም ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረ አባቴን ያይ ነበር። ስብከቱ ሲያልቅ የሰንበት አስተማሪዬ እጄን ይዛ ወደ ፊት አወጣችኝና እርሳሶቹን ሰጠችኝ፤ ሁሉም አጨበጨበ። የመጨረሻው ወንበር ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላም ማንም ሲቀመጥበት አላየሁም፣ ወይም እኔ ወደዚያ አላይም ነበር።

እናቴ የዚህን ሁሉ ምስጢር የነገረችኝ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ እሷ ሕመሟ ከጸና በኋላ። ትራሷን ስታቀና ከሥሩ አንድ የፎቶ ቁራጭ አወጣችና ሰጠችኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ሳቂታ ልጅ ነበረች፣ አገጯ ጎድጓዳ። አይጡ እናቴ ነበረች ማለት ነው፤ መቀሱን ያዘዘው ደግሞ አባቴ።

"ያቺ በመስኮት የምትመጣው ሴት እሷ፣ አክስትሽ፣ ነበረች፤" አለችኝ። "ሳታገባ አረገዘች፤ አባትሽ 'ስሜን ነው የቀበርሽው' ብሎ ከቤት አስወጣት። ስትመለስ ሕፃኗ ደረቷን ያማታል፤ ሥራ የሚሰጣት የለ፣ የሚያናግራት የለ። ዳቦ የሚሰጣት ያ ጋጋሪ ብቻ ነበር።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አንቺ 'አድገሻል አለችኝ' ስትዪ ገባኝ። ዳቦ ይዤ ልሄድላት ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። ሦስት ጊዜ ተመልሼ ተቀመጥኩ።" ግድግዳውን ታይ ነበር። "ጋጋሪውን ከዓመት በኋላ ወፍጮ ቤት አገኘሁት። አባትሽ በሌብነት ያባረረውን ሰው ማን ዳቦ ቤት ያስገባዋል? ጆንያ ይሸከም ነበር። ሕፃኗ በዚያው ክረምት መሞቷን፣ እናትየዋም ወዴት እንደሄደች እንደማይታወቅ እሱ ነው የነገረኝ። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። የጠየቀኝ ስለ አንቺ ብቻ ነው፤ 'ትንሿ እንዴት ናት?' አለኝ።"

ጋሽ ዱቄትን ፈለግሁት። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ያኔ አባቴን አልጠየቅሁትም። እንዲያውም ይቅር ለማለት ምክንያት ፈለግሁለት፤ አገኘሁም። ጨካኝ ነው፣ ግን ቀጥተኛ ነው አልኩ። ጋሽ ዱቄት ለደግ ነገር ሰረቀ፣ አባቴም ሌብነትን ሌብነት አለ። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እውነት አላቸው፤ ያጠፋ ካለ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ልጅ ነበርኩ። በዚህ ሐሳብ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ኖርኩ። የሚመች ቤት ነበር።

ሕመም የአባቴን ግማሽ ሰውነት ሽባ ሲያደርገው ዳቦ ቤቱን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ጋጋሪዬ እጁ ተሰብሮ ምትክ ስፈልግ አንድ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መጣ። ምድጃውን ዞሮ አየው፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ "ይሄ እንኳ የድሮ ሰው ነው፤" አለ። ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያውን እሳት ሲያስገባ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የመጨረሻዋ ዳቦ ስትቀር ምላጩን አስቀመጠ፣ አውራ ጣቱን ዱቄት ነከረና መሃሏን ጫን አደረጋት።

የማቡኪያውን ጠርዝ ያዝኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቱ? ይሄ?" ገረመው። "የጋጋሪ ድርሻ ነዋ! በየእሳቱ አንዲት ዳቦ የጋጋሪው ናት። ከባለቤቱ ዳቦ ጋር እንዳትደባለቅ፣ ጋጋሪውም እንዳይጠረጠር ምልክት ይደረግባታል። ለራሱ ይብላት፣ ለወደደው ይስጣት፣ ማንም አይጠይቀውም። የዳቦ ቤት ልጅ ሆነሽ ይህን አታውቂም?"

"እዚህ ቤት አልነበረም።"

"ኧረ እንዴት ሆኖ!" አለና ሳቀ። "ይህን ያስተማሩኝ እኮ አባትሽ ናቸው። ልጅ እያለን አንድ ምድጃ ላይ ሠርተናል፤ እሳቸው ቀድመውኝ ነበር የገቡት። እንደ እሳቸው ጥልቅ አድርጎ የሚጫን አልነበረም። 'ድርሻህን በደንብ ምልክት አድርግባት፣ ሌባ እንዳትባል' ይሉኝ ነበር።"

ዳቦዋን ለመንኩት። ሰጠኝ። ለወደደው የመስጠት መብት አለዋ።

አባቴ የሚተኛው ያው ሞቃቱ ግድግዳ ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ፣ የተደፈነችው መስኮት ጡቧ ከሌላው ቀለሙ ተለይቶ ይታያል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ዳቦዋን ብርድ ልብሱ ላይ አኖርኩለት። ደህናውን እጁን አነሳ። አውራ ጣቱን ወደ እምብርቷ ጉድጓድ አስገባ። ልኩ ነበር።

"የጋጋሪ ድርሻ፤" አለ። አፉ ቀደመው።

"ያን ቀን ያውቁ ነበር።"

ጣቱን ከዳቦዋ አወጣ።

"አባባ፣ እሱ ሌባ እንዳልነበረ ያውቁ ነበር። ለማን እንደሚሰጥም ያውቁ ነበር። ለምን እኔን ጆንያ ላይ አቆሙኝ?"

ኮርኒሱን ተመለከተ። ከታመመ ወዲህ ንግግሩ ይጎተታል፤ ይህቺን ግን አጥርቶ ነው የተናገራት።

"የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፤" አለኝ።

ሌላ አልጠበቅሁም። ከአልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አንድ ብርጭቆ ወተት አነሳሁ። ዳቦዋን ከጠርዟ ቆረስኩ፣ ነከርኩና ወደ አፉ አቀረብኩ። ከንፈሩን ገጠመ። እጄን ሳላወርድ ጠበቅሁት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበርና በመጨረሻ ከፈተው። ደግሜ ቆረስኩ። ልጄ በሩ ላይ መጥቶ ቆመና፣ "እማዬ፣ አያያን እያጎረስሽው ነው? አንቺ እኮ ደግ ነሽ፤" አለኝ። ወተቱ በአገጩ ላይ ሲወርድ እየጠረግሁ፣ አንድ በአንድ፣ ዙሪያዋን ጨረስኩ። ጉድጓድ ያለባትን መሃሏን መጨረሻ ላይ ነው ያጎረስኩት። ውጦ እስኪጨርሳትም ከአጠገቡ አልተነሳሁም።